የትርንጎ ሁለት ዕድሜ

ኦስሎ ውስጥ ትርንጎ ይልቃልን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። አሁንማ ስሟ ስቶርቲንግ ገብቷል፤ የኖርዌይን ፓርላማ ማለቴ ነው። ሰዉ ሁሉ «የኛዋ ተመራጭ» እያለ ይኮራባታል። እኔ ቆንጂት ግን አሥራ አራት ዓመት አብሬያት ባልዲ ገፍቻለሁ፤ ስለ እሷ የማወራው ሌላ ነው። ትርንጎ ሁለት ዕድሜ ነበራት። አንዱን እናቷ ሰጠቻት፣ ሌላውን ኖርዌይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ስትመጣ የስደተኞች መቀበያ ውስጥ ቅጽ ሰጧት። የተወለድሽበት ቀን ይላል። የምታውቀውን ጻፈች፤ ቀን 5፣ ወር 3፣ ዓመት 1950። ኅዳር አምስት፣ የአቦ ዕለት። ሌላ ምን ትጻፍ? ኖርዌዮቹ ታዲያ ሦስተኛውን ወር ማርች፣ ዓመቱንም የራሳቸው አድርገው አነበቡት። የኛ ዘመን ከነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቆጥር ማን ይንገራቸው! የሠላሳ ሁለት ዓመቷ ሴት ባንድ እስክሪብቶ አርባ ሞላት።

መታወቂያው ሲመጣ ሳቀችበት። አስተርጓሚው፣ ያገሯ ልጅ፣ «ዋናው የመኖሪያ ፈቃድሽ ነው፤ ያለቀ ነገር አትነካኪ» አላት። ቆይቶ ዜግነት ስትወስድ ደግሞ «አሁን ከተናገርሽ ዋሽታናለች ብለው ይነጥቁሻል» አሏት የሚያውቋት። ፈራች። ማን የማይፈራ አለ? ለእኔ ስትነግረኝ እኔም ያልኳት ያንኑ ነው፤ ዝም አይነቅዝም። በዚህ ምክሬ ኋላ አፍሬበታለሁ።

በሰው ጉዳይ ሲሆን ግን ዝም ማለት የሚባል ነገር አታውቅም። በ2010 የጽዳት ድርጅታችን አዲስ የሥራ ሰሌዳ አወጣ። ባለ አራት ፎቅ ደረጃ ከነመስኮቱ ከነመደገፊያው በሃያ አምስት ደቂቃ ይለቅ ይላል። ሰሌዳውን ያወጣው ቱርስታይን የሚባለው አለቃችን ነው፤ ረጅም፣ ጨዋ፣ ከወረቀት ውጪ ያለ ዓለም የማይታየው ሰው። እኛ እርስ በርሳችን እናጉረመርማለን፣ እሱ ሲመጣ «ያ፣ ያ» እንላለን፤ እሺ፣ እሺ ማለት ነው። ትርንጎ በስብሰባ መሐል ተነስታ መወልወያውን እጁ ላይ አስያዘችው።

«ቱርስታይን፣ እኛ አልገባንም። እስቲ አንተ አሳየን» አለችው።

እሱም አልሸሸም፤ ኮቱን አውልቆ ገባበት። እኛ ከታች ቆመን ሰዓት ያዝን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አረፈ። ሲጨርስ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጅቶበታል፣ ሸሚዙም ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በሳምንቱ ሰሌዳው ወደ አምሳ ደቂቃ ተቀየረ። በዚያው ወር ሠላሳ አንድ ሰው የሠራተኛ ማኅበሩ አባል ሆነ፤ ትርንጎንም ቲሊትስቫልግት፣ የሠራተኞች ተጠሪ ማለት ነው፣ አድርገን መረጥናት። የፈራነውን ሁሉ እሷ ላይ ጭነን እፎይ አልን።

በዓመቱ አንድ ፓርቲ ለወረዳው ምክር ቤት አወዳድሯት ተመረጠች። ሠፈራችን ትሮስተሩድ ከባቡር ጣቢያው እስከ ብሎኮቹ ያለው የእግር መንገድ ጨለማ ነበር፤ መብራት አስተክላለሁ ብላ ነው የገባችው። የመጀመሪያ ንግግሯን ልሰማ ሄድኩ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ትርንጎ ተነሳች። ሰብሳቢዋን አመሰገነች፣ ምክትሏን አመሰገነች፣ የየፓርቲውን ሰዎች በየተራ ደኅንነታቸውን ጠየቀች፣ ታመው ለቀሩት ምሕረት ለመነች፣ መራጮቿን አመሰገነች፣ «ወደ ጉዳዬ ስገባ» ስትል መዶሻው ጧ አለ። ጊዜሽ አልቋል!

ስትወጣ እንደ በርበሬ ቀልታለች። «ቆንጂት፣ እነዚህ ሰዎች እናታቸው ቤትም ሲገቡ ሰላምታ የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ገና ስትነሳ «መብራት!» ብላ ጀመረች፣ በሁለት ደቂቃም ጨረሰች። ለክረምቱ መብራቱ ተተከለ። በ2015 እንደገና መረጥናት። በ2016 መጨረሻ ፓርቲው ለስቶርቲንግ ምርጫ ከተለዋጮቹ አንዷ አድርጎ ስሟን ዝርዝር ውስጥ አስገባ፤ ዋናው አባል ሲቀር የሚተካ ሰው፣ «ቫራ» ይሉታል። እዚህ አገር የምርጫው ወረቀት ላይ ከስም አጠገብ የልደት ዓመት ይታተማል። ከትርንጎ ስም አጠገብ 1950 ሊታተም ነው።

በዚያ ላይ ጉልበቷ አልቋል። ስንት ዓመት ሙሉ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት፤ ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነው። እዚህ ጡረታ በስድሳ ሰባት ነው። በወረቀቱ ከሄድን ማርች አምስት 2017 ስድሳ ሰባት ይሞላታል፣ ከአፕሪል ጀምሮ ቤቷ ትቀመጣለች። በእውነቱ ገና አምሳ ዘጠኝ ናት። ማመልከቻውን እሷ ቤት ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ሞላነው።

«ደስ አላለኝም፣ ቆንጂት» አለች።

«ኧረ ባክሽ!» አልኳት ተቆጥቼ። «አሳስተው ያነበቡት እነሱ። ጉልበትሽን የበላው የነሱ ደረጃ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

ፈረመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጨዋታዋ ቀነሰ።

እንግዲህ እትዬ ደሃብ ጋ ደረስኩ። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚሻል፣ ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። ሊንደሩድ የሚባል ሠፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው አቶ ኪዳነ ካርቱም ቀርተዋል፤ ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሊያስመጧቸው አመልክተው ጉዳዩ ተቃርቦ ነበር፤ ግን አስመጪው ቋሚ ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። እትዬ ደሃብ ሥራ ካጡ ማመልከቻው ይወድቃል፣ በቃ።

በፌብሩዋሪ አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ከቦርሳቸው የታሸገ ፖስታ አውጥተው ለትርንጎ ሰጧት። «ይኼን ገና ከመድረሱ በፊት የላኩልኝ ነው። የበዓል ሰላምታ መስሎኝ ሳልከፍተው ቀረ። ትናንት ቱርስታይን ‹ደብዳቤው ደርሶሻል ኣ?› ሲለኝ ደነገጥኩ» አሉ። ትርንጎ ከፍታ አነበበች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ሜይ 12 ቀን 2017 ሰባ ዓመት ስለሚሞላሽ በድርጅቱ ደንብ መሠረት ሥራሽ በዚያው ቀን ያበቃል፣ ስላገለገልሽን እናመሰግናለን ይላል።

«እትዬ ደሃብ፣ መቼ ነው የተወለዱት?»

«ጥር ሚካኤል፣ አርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት።»

እኔና ትርንጎ ተያየን። ጥር 12፣ 1947። አምስተኛው ወር ስለሆነ ሜይ ብለው አንብበውታል። ሴትዮዋ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው! ያው የትርንጎ ስሕተት፣ ያው ቅጽ፣ ያው አነባበብ።

ትርንጎ ጊዜ አላጠፋችም፤ ለሕዝብ መዝገብ ቤቱ የእርማት ጥያቄ አጻፈችላቸው፣ ለቱርስታይንም ስንብቱ ይዘግይ ብላ ጻፈች። ቱርስታይን መዝገቡ ላይ ካለው ቁጥር ሌላ አላውቅም፣ ግን ለውይይት ኑ አለ። ቀኑ ተቆረጠ። ከስብሰባው በፊት በነበረው እሑድ ቤቷ ሄድኩ። ልጇ ናታሊም ነበረች፤ እዚሁ የተወለደች፣ ሕግ የምትማር፣ ምላሷ የእናቷ የሆነ ልጅ። ትርንጎ ምሳ አቅርባ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እውነተኛ ዕድሜዋን ለልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረቻት።

ናታሊ ሹካዋን አስቀመጠች። «ማማ፣ ሄረጉድ! የፈጣሪ ያለህ! ስድሳኛ ዓመትሽን አዳራሽ ተከራይተን ስናከብር አምሳ ሁለት ነበርሽ ማለት ነው? እኔን በአርባ አምስት ዓመቷ ወለደች ብለው ሐኪሞቹ የተደነቁትስ?»

«በሠላሳ ሰባት ነው የወለድኩሽ» አለች ትርንጎ አንገቷን ደፍታ።

ሦስታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ትርንጎ አለቀሰች። «ማክሰኞ ቱርስታይን ‹እንዲህ የሚሳሳት ሰው የለም› ነው የሚለን። እኔ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። እኔ ካልተናገርኩ እኚህን ሴትዮ ማን ያምናቸዋል?»

አሁንም አፌን አልዘጋሁም። «ከተናገርሽ ጡረታሽ ሄደ። ፓርቲሽም ይጥልሻል። እግዜር አይበለውና ዜግነትሽስ? ለሰው ብለሽ ራስሽን ልትቀብሪ ነው?»

«ናታሊ፣ ይነጥቁኛል?» አለች።

ናታሊ ዋሽታ አላጽናናቻትም። «ሆን ብሎ መዋሸትና መሳሳት ይለያያሉ፣ ማማ። ያን ያህል የሚያደርሱት አይመስለኝም። ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም» አለቻት። ትርንጎ ተነስታ ሳህኖቹን አነሳሳች።

ማክሰኞ ጠዋት አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ ቱርስታይን፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ ትርንጎ፣ እትዬ ደሃብ፣ እኔም ለማስተርጎም። እትዬ ደሃብ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘዋል። ትርንጎ የዘመን አቆጣጠሩን አስረዳች፣ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየች። ቱርስታይን በትሕትና አዳመጠ።

«ደሃብን ሁላችንም እንወዳታለን» አለ። «ግን ሰው ዕቃ ይጠፋበታል፣ ቀጠሮ ይረሳል፤ የገዛ ልደቱን በስምንት ዓመት ይስታል? ስቶም ይኼን ሁሉ ዓመት ዝም ይላል? ትርንጎ፣ እንዲህ የሆነ ሌላ አንድ ሰው ታውቂያለሽ? አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

እኔ ወለሉን አየሁ። እባክሽ ዝም በይ እያልኩ ነው በሆዴ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ትርንጎ ቦርሳዋን ከፈተች። ፓስፖርቷን አወጣች፣ አጠገቡም እናቷ የላከችላትን የቆየ የክርስትና ምስክር ወረቀት አስቀመጠች።

«አንድ ሰው አውቃለሁ» አለች። «እኔ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ስለፈራሁ ነው።»

ቱርስታይን ሁለቱን ወረቀቶች አፈራረቀ። ጣቶቹን አጣጥፎ ቆጠረ። «በሚመጣው ሳምንት እኮ ስድሳ ሰባት ይሞላሻል ብለን ኬክ አዝዘናል» አለ ግራ ገብቶት።

«ኬኩን ሰርዙት። አምሳ ዘጠኝ ነኝ።»

«ጡረታሽስ?»

«ማመልከቻዬን ዛሬ ጠዋት ሰርዣለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ነኝ።»

እኔ ራሴ አልሰማሁም ነበር። ለእትዬ ደሃብ ላስተረጉም ዞርኩ። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል፤ የትርንጎን እጅ ይዘው ሳሙት። ቱርስታይን «ማለት እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ልትጮሂብኝ ነው» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። መዝገብ ቤቱ እስከ ሜይ 12 የእርማቱን መልስ ከሰጠ ስንብቱ ይሰረዛል፤ ካልሰጠ ደብዳቤው ይጸናል ብሎ ጽፎ ፈረመ። ከዚያ በላይ ሥልጣን አልነበረውም።

በዚያው ቀን ትርንጎ የራሷንም የእርማት ጥያቄ አስገባች፣ ለፓርቲውም ደውላ ሁሉን ተናገረች። እንመካከርበት አሏት። ሦስት ቀን አልደወሉም። እነዚያን ሦስት ቀናት ደረጃ እየወለወልን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ደወለ። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው መዝገቡ ያለው ነው፣ መዝገቡ ሲታረም ይታረማል፣ አንቺ ግን ከዝርዝሩ አትወጪም አላት። ስልኩን ዘግታ ባልዲው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ ውሃው ፈሶ ሁለታችንም ረጠብን።

የእትዬ ደሃብ ግን ገና ነው። የማኅበሩ ጠበቃ ከማኅደር የድሮውን ቅጽ አስወጣ። ጠርዙ ላይ እትዬ ደሃብ በራሳቸው እጅ በግዕዝ ፊደል «ጥር» ብለው ጽፈውበት ነበር፤ አስተርጓሚው ነው አምስት ያደረገው። ማርች አለቀ፣ አፕሪል አለቀ፣ መልስ የለም። እትዬ ደሃብ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ መቆለፊያቸውን ባዶ አድርገው ነው የሚሄዱት፤ የመጨረሻው ቀን ሲመጣ ዕቃ ስለቅም ሰው እንዳያየኝ ነው ይላሉ።

ሜይ ዘጠኝ ቀን ፖስታውን ይዘው መጡ። «ቆንጂትዬ፣ አንቺ ክፈቺው፤ እኔ አልችልም» አሉኝ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አሥር ሴቶች ነበርን፤ ሁሉም ጫማውን አንድ እግሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ከፈትኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አልታመን ስላለኝ። «የተወለዱት ጃንዋሪ 20 ቀን 1955። ታርሟል!» አልኩ።

እልልታችን ሕንፃውን አናጋው። ቱርስታይን ሰው የወደቀ መስሎት እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ደሃብ ሄደው አቀፉት፤ እሱም አጎንብሶ ታቀፈ፣ ጆሮው ቀላ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እፎይታ እንደዚያ ሰውነት የሚያደክም መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ከዚያም ለትርንጎ የምላትን አልኳት። «ዝም ብትዪ ኖሮ ያጠፋሁሽ እኔ ነበርኩ፤ ይቅር በይኝ።» «ተዪው፣ እኔም ልሰማሽ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለች።

የእሷ እርማት በጁን መጣ። ዜግነቷን ማንም አልነካውም፤ ሃያ ሰባት ዓመት የፈራችው ነገር ባንድ ገጽ ደብዳቤ አለቀ። በሴፕቴምበር ምርጫው ሆነ፤ የምርጫው ወረቀት ቀድሞ ስለታተመ 1950 እንዳለ ነው ድምፅ የሰጠናት። ቫራ ሆና ተመረጠች። በኖቬምበር አቶ ኪዳነ ጋርደርሙን አውሮፕላን ማረፊያ ወረዱ። እትዬ ደሃብ ለዚያች ቀን ስንት ንግግር ሲያዘጋጁ ከርመው፣ ሲያዩአቸው ያሉት «ከስተሃል» ብቻ ነው። ከዚያ ሁለቱም የሻንጣ መግፊያውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ፣ እኛም መንገደኛ እየገፋን መሐል መንገድ ላይ ቆመን አለቀስን።

ትርንጎ አሁንም ደረጃ ትወለውላለች። ጉልበቷን ቱርስታይን አይቶ አሳንሰር ያለበት ሕንፃ መደባት፤ ማመስገን አትወድም እንጂ ደስ ብሏታል። በ2018 ማርች አንድ የስቶርቲንግ አባል ለሳምንት ሲቀር ተጠራች። የመጀመሪያው ቀን እኔን፣ እትዬ ደሃብንና አቶ ኪዳነን ይዛን ሄደች። መግቢያው ላይ መታወቂያ የሚያዘጋጅ ሰው ቁጭ ብሏል። ከኋላችን አንድ የተማሪ ጎረምሶች ቡድንና ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈዋል።

«ስም?» አለ። ነገረችው።

«የልደት ቀን?»

«ኖቬምበር አሥራ አራት፣ አሥራ ዘጠኝ አምሳ ሰባት!»

አዳራሹ አስተጋባ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። ሰውየው እስክሪብቶው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔ አፍሬ እጅጌዋን ጎተትኳት፤ «ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስጮኽሻል?»

«ልቀቂኝ፣ ቆንጂት» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየሳቀች። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ብቻ ነው ያልኩት።»